ከግቢ ወደ ፎቅ፦ የአዲስ አበባ መሀል ከተማ አኗኗር ታሪክ ከለገሃር አንጻር ሲታይ

ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ቆሞ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ዐይኑ በስተመጨረሻ የሚያርፈው በለገሃር ነው። በጎዳናው ጫፍ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል፤ ከሐውልቱም ጀርባ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀው የምድር ባቡር ጣቢያ ሕንፃ አለ። ለብዙ ዘመን ከዚህ ሕንፃ በስተጀርባ ጎልቶ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ሐዲድ፣ መጋዘን፣ የሠራተኞች መኖሪያና እርስ በርሱ የተጠጋጋ የቆርቆሮ ጣራ ብቻ ነበር። በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ግን በዚሁ ቦታ ላይ ባለብዙ ፎቅ የቅንጦት መኖሪያዎች፣ ሆቴልና የገበያ ማእከል የሚገኙበት አዲስ ሠፈር የመገንባቱ ሥራ ተበሠረ።

ፎቅ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። ባንኩ፣ ሆቴሉና መሥሪያ ቤቱ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤትም ቁመቱ ከ200 ሜትር ያልፋል። ይሁንና ሰው በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ ሲሠራ ውሎ ማታ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር፤ ቤቱም በአብዛኛው ምድር ላይ፣ በግቢና በአጥር ውስጥ ነበር። አሁን ወደ ላይ የወጣው ቤቱ ራሱ ነው። የዚህን ለውጥ ትርጉም በሚገባ ለመረዳት የመሀል ከተማው ነዋሪ በየዘመኑ በምን ዓይነት ቤት፣ ከማን ጋር ተጎራብቶ፣ መሬቱንም በማን ፈቃድ ይዞ ይኖር እንደ ነበር ወደ ኋላ ተመልሶ መመልከት ያስፈልጋል።

ግቢና ሠፈር

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር አሠፋፈሯ የጦር ሠፈርን የተከተለ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ተተከለ፤ መሳፍንቱና መኳንንቱም በየፊናቸው ጉብታ ጉብታውን ያዙ። ጌታው ከላይ አዳራሹንና እልፍኙን ሲሠራ፣ ወታደሩ፣ አሽከሩና የእጅ ጥበብ ባለሙያው በዙሪያው ጎጆአቸውን ቀለሱ። ራስ ብሩ ሠፈር፣ ራስ ተሰማ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው። ሠፈር የሚለው ቃል ራሱ ከጦር ጉዞ ወደ ከተማ ኑሮ የተሻገረ ነው።

ከዚህ አሠፋፈር አንድ ዘላቂ ውጤት ተገኘ፤ ይኸውም ሀብታምና ድኻ በአንድ አጥቢያ መኖራቸው ነው። ጉርብትናው በእኩልነት ላይ የቆመ ነበር ለማለት አይቻልም፤ ጌታ ጌታ ነበር፣ ሎሌም ሎሌ። ነገር ግን የአንዱ ደጅ ከሌላው ደጅ ስላልራቀ ለቅሶውም ሆነ ሠርጉ በአንድ መንደር ሰው ፊት ይከናወን ነበር። ጌቶቹ በሞት፣ በሹም ሽርና በስደት ከቦታው ከራቁ በኋላም ይህ የተደባለቀ አሠፋፈር አልጠፋም። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በመሀል ከተማ ከአንድ ትልቅ ቪላ አጥር ሥር ተለጥፈው የቆሙ የጭቃ ቤቶችን ማየት የተለመደ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የከተማ ቦታ ደንብ መሬት በግል እንዲያዝና እንዲሸጥ በር ከፈተ። የሕንድ፣ የአርመንና የግሪክ አናጢዎችና ግንበኞች እጅ ያረፈባቸው ባለ ሰገነት ቤቶችም በአራዳና በሌሎች ሠፈሮች መታየት ጀመሩ። ኋላ የማዘጋጃ ቤት መሥሪያ ቤት የሆነው የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤትና ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነው የራስ ብሩ ቤት ከእነዚህ መካከል ይቆጠራሉ። እነዚህ ቤቶች ፎቅ ቢሆኑም የአንድ ባለቤት ነበሩ። የማይተዋወቁ ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ እየወጡ፣ አንዱ ከሌላው ራስ በላይ ሆኖ መኖር ገና አልታሰበም ነበር።

ባቡሩ ያመጣው

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሠፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ በፈረንሳይኛ ጣቢያ ማለት የሆነው ቃል በከተማው ሰው አንደበት ተለስልሶ ለገሃር ሆነ። እስከዚያ ድረስ የከተማዋ ልብ በሰሜን በኩል፣ በቤተ መንግሥቱና በአራዳ ጊዮርጊስ ገበያ መካከል ነበረ። ባቡሩ ግን ከተማዋን ወደ ደቡብ ሳባት። ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ብረት የሚራገፈው ከለገሃር ሆነ፤ የሣር ክዳን በቆርቆሮ ክዳን እየተተካ የሄደውም በዚህ በር በገባ ዕቃ ነው።

በ1923 ዓ.ም. ከዘውድ በዓሉ ጋር ተያይዞ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በጣቢያው ፊት ለፊት ቆመ። የኢጣልያ ፋሺስት ጦር አገሪቱን በወረረ ጊዜ ሐውልቱ ተነቅሎ ወደ ሮማ ተወሰደ፤ በዚያም ሳለ በ1930 ዓ.ም. ዘርዐይ ደረስ በሐውልቱ ፊት ያሳየው ቁጣ በታሪክ የታወቀ ነው። ሐውልቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። እንግዲህ ለገሃር መንገደኛ የሚወርድበት ስፍራ ከመሆኑም በላይ አገሪቱ እንግዳዋን የምትቀበልበትና ክብሯን የምትገልጽበት ደጃፍ ሆኖ ቆይቷል።

የተከፋፈለች ከተማ

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ የመሀል ከተማው አኗኗር ለመጀመሪያ ጊዜ በፕላን ለሁለት እንዲከፈል ታሰበ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ ሳይቀር ነባሩን ከተማ ከቁብ ያልቆጠረ ንድፍ ለሙሶሊኒ አቅርቦ እንደ ነበር ይታወቃል። ሥራው የተሰጣቸው ኢጣልያውያኑ ጊዲና ቫሌ ያወጡት ፕላንም መሠረቱ የዘር ልዩነት ነበር፤ ነጩ በአንድ ወገን፣ የአገሩ ተወላጅ በሌላ ወገን እንዲሠፍር ያዝዝ ነበር። ገበያው ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ተደረገ፤ የመርካቶም ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ፕላኑ በሙሉ ሳይፈጸም ወራሪው ቢወጣም የሠፈር ስሞች ቀርተዋል። ካዛንቺስ የሚለው ስም የኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ምህፃረ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ ፖፖላሬ ደግሞ የሕዝብ ቤቶች ከሚለው የኢጣልያንኛ አጠራር የመጣ ነው። ከነጻነት በኋላ ግን የአዲስ አበባ ነዋሪ በእነዚያ ሠፈሮች እንደ ልማዱ ተደባልቆ ሠፈረ፤ በመሥመር ከተሠሩት የካዛንቺስ ቤቶች አጠገብ የጭቃ ቤቶች በቀሉ። በወረቀት ላይ የተሠመረው ድንበር በሰው ኑሮ ተፋቀ።

ባለርስትና ተከራይ

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ ከተማዋ በፍጥነት አደገች። በ1938 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ፓትሪክ አበርክሮምቢ የከተማ ፕላን እንዲያወጡ ተጠሩ። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫቸውን በአዲስ አበባ አደረጉ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፉት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የማዘጋጃ ቤቱም ሕንፃ የእኚሁ አርክቴክት ሥራ ነው። በ1957 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ደ ማሪየን ያወጡት ፕላን ማዘጋጃ ቤቱንና ለገሃርን በአንድ ሰፊ ጎዳና አያያዛቸው። ዛሬ የቸርችል ጎዳና መንገደኛ የሚያየው ገጽታ መሠረቱ ይህ ነው።

ዲፕሎማቱና የውጭ አገር ባለሙያው ሲበዛ በመሀል ከተማ የሚከራይ አፓርታማ መሠራት ጀመረ። ይሁን እንጂ ቁጥሩ አነስተኛ ነበር፤ ነዋሪውም በአብዛኛው እንግዳ ነበር። ለአገሩ ሰው የቤት ምኞቱ ቪላ ነበር። ሰፋፊ ርስት የያዙ ጥቂት ባለመሬቶች ለባለገንዘቡ ቪላ፣ ለድኻው ደግሞ አንድ ክፍልና ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት እየሠሩ ያከራዩ ነበር። በዚህ ጊዜ የከተማው ሕዝብ አብዛኛው ክፍል ተከራይ ሆኖ እንደ ኖረ አይዘነጋም። የቤት ኪራይና የመሬት ጥያቄ የተማሪውም የሠራተኛውም ጥያቄ የሆነው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የ1967 ዓ.ም. አዋጅ

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይዝ፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ እስከ 300 ብር ይከፍል ለነበረው ተከራይም ኪራይ ተቀነሰ።

ይህ አዋጅ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶችን አስከትሏል። በአንድ በኩል የሚሰበሰበው ኪራይ ለእድሳት የሚበቃ ባለመሆኑ፣ ሠርቶ ማከራየትም በመከልከሉ የቀበሌ ቤቶች ዓመት በዓመት እየተጎዱ ሄዱ። ግድግዳው ዘመመ፤ ጣራው ዛገ፤ የጋራ መጸዳጃና የጋራ ቧንቧ የብዙ አባወራዎች ዕጣ ሆነ። በሌላ በኩል ግን ድኻው ከመሀል ከተማ ሳይገፋ እንዲኖር ያደረገው ይኸው ርካሽ ኪራይ ነው። የጉሊት ነጋዴዋ፣ ተሸካሚው፣ ዘበኛውና የመንግሥት ጸሐፊው ከሥራቸው አጠገብ ለመኖር የቻሉት የመሬት ዋጋ የሚባል ነገር ለጊዜው ከሕግ ስለ ወጣ ነበር። የቤቱ ችግርና የነዋሪው ዋስትና በአንድ ጣራ ሥር አብረው ኖሩ። ኋላ ለመጣው ውዝግብ ሁሉ ሥሩ ይኸው እንደ ሆነ ልብ ማለት ያሻል።

ሊዝና ኮንዶሚኒየም

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 80 የመሬትን ባለቤትነት በመንግሥት እጅ አቆይቶ የመጠቀም መብት ግን በዋጋ እንዲሰጥ አደረገ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የመሀል ከተማ ካሬ ሜትር ዋጋ ወጣለት። ዋጋው ሲንር ግንበኛው ወጪውን የሚመልስበት መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ በዚያችው ቦታ ላይ ፎቅ መደራረብ። ስለዚህ የአፓርታማው ቁመት ከባለቤቱ ምኞት ይልቅ ከመሬቱ ዋጋ የተወለደ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ለብዙኃኑ የፎቅ ኑሮን ያስተማረው ግን ኮንዶሚኒየም ነው። በቦሌ ገርጂ በሙከራ ተጀምሮ፣ አዋጅ ቁጥር 370/1995 በሰጠው ሕጋዊ መሠረት ላይ ተመሥርቶ የተስፋፋው ይህ ፕሮግራም በዕጣ የደረሳቸውን እጅግ ብዙ ቤተሰቦች ፎቅ ላይ አወጣ። ልደታን በመሰሉ ጥቂት ቦታዎች በመሀል ከተማ ቢሠራም፣ ትልልቆቹ መንደሮች ጀሞ፣ የካ አባዶና ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ የከተማ ዳርቻዎች ናቸው። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የ40/60 ቁጠባም የተሻለ ገቢ ያለውን ክፍል ጨመረ። በዚህ መንገድ ከመሀል ከተማ የተነሣው ነዋሪ ብዙውን ጊዜ የቤት ባለቤት ሲሆን ከሥራውና ከጎረቤቱ ግን ተለየ። ቀድሞ በእግር ይደርስበት የነበረውን ቦታ በሁለት ታክሲ መሄድ ግድ ሆነበት።

በለገሃር የሚነሣው ሠፈር

የድሮው ባቡር አገልግሎት ተዳክሞ ከቆመ በኋላ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከከተማው ዳር፣ በፉሪ ለቡ አደረገ። በዚህም ምክንያት ለገሃር ሥራውን አጣ፤ በመሀል ከተማም እጅግ ሰፊ የሆነ ቦታ ለሌላ ጥቅም ተከፈተ። በ2011 ዓ.ም. የተበሠረው ፕሮጀክት 36 ሄክታር ያህል የሚሸፍን ሲሆን፣ አልሚው መቀመጫውን አቡ ዳቢ ያደረገው ኢግል ሂልስ ነው። በምረቃው ዕለት እንደተገለጸው ከ4 ሺህ በላይ መኖሪያዎች ይሠራሉ፤ ነባሩ የጣቢያ ሕንፃም በቅርስነት ይጠበቃል። ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት የሳበው ግን በቦታው የሚኖሩት 1,600 ያህል አባወራዎች ወደ ዳርቻ ሳይላኩ እዚያው እንዲሠፍሩ ቤት ይሠራላቸዋል የሚለው ቃል ነበር። ከዚያ በፊት ለልማት የተነሣ ነዋሪ ዕጣ ፈንታው ጀሞ ወይም ኮዬ ፈጬ መሆኑ እንደ ደንብ ይቆጠር ስለ ነበር፣ ይህ ቃል በከተማዋ የመልሶ ማልማት ታሪክ ውስጥ የተለየ ስፍራ አለው።

የቅንጦት አፓርታማ የሚባለው ቤት ከተራው የሚለየው በክፍሎቹ ስፋት ብቻ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚነሣ ጄኔሬተር፣ ከምድር ቤት እስከ ጣራ ውኃ የሚገፋ ፓምፕና ማጠራቀሚያ፣ ሌት ተቀን የሚሠራ ሊፍት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ የመዋኛ ገንዳና ዘብ የቆመበት በር አብረው ይሸጣሉ። በመብራትና በውኃ መቆራረጥ በሚቸገር ከተማ ይህ ዓይነቱ ሕንፃ የራሱ ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ያለው ያህል ነው። ገዢዎቹም ነጋዴዎች፣ ድርጅቶችና በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ሠርተው ገንዘብ ያጠራቀሙ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በባዕድ አገር ፎቅ ላይ ብዙ ዘመን የኖረው ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ የሚፈልገው ቤት ከልጅነቱ ግቢ ይልቅ እዚያ የለመደውን የሚመስል መሆኑ አያስደንቅም።

የፎቁን ጥቅም መካድ አይገባም። ከተማዋ ወደ ጎን በተስፋፋች ቁጥር የገበሬው ማሳ ይጠፋል፤ መንገዱ፣ የውኃ መሥመሩና ፍሳሹም ይረዝማል። ብዙ ሰው በጥቂት ቦታ ላይ ማስፈር ለድኻ አገር የሚያዋጣ ዘዴ ነው። በለገሃር በኩል የቀላል ባቡር መሥመር ማለፉም እዚያ የሚኖር ሰው ያለ መኪና ወደ ሥራው እንዲደርስ ያስችለዋል። ጥያቄው ፎቁ ከማን ጋር ተጎራብቶ ይቆማል የሚለው ነው።

ድንኳኑ የት ይተከል?

የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመመዘን እድርን ያህል ጥሩ ሚዛን አይገኝም። እድር ነዋሪው በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጣ ሞት በመጣ ጊዜ የሚረዳዳበት ማኅበር ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ከሟች ቤት ደጃፍ ይተከላል፤ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ሳሕኑ ከእድሩ ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ጎረቤቱም በየተራ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል። ይህ ሁሉ ሥርዓት ምድርን ይፈልጋል። ደጃፍ፣ ሰፋ ያለ መንገድና ድምፅ የሚሰማበት ቅርበት ከሌለ እድሩ በመዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል።

የኮንዶሚኒየም ነዳፊዎች ነገሩን ልብ ብለውታል። በሕንፃዎቹ መካከል ክፍት ቦታ ትተዋል፤ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለድግስ የሚያገለግል የጋራ ቤትም በንድፉ ውስጥ አስገብተዋል። በየቦታው በሚገባ ተጠብቆ ባይኖርም አሳቡ ከአገሩ ኑሮ የተነሣ ነው። በቅንጦት አፓርታማዎች ዘንድ ግን ይህ አሳብ እምብዛም አይታይም። የመዋኛ ገንዳው ቦታ በንድፉ ላይ በሜትር ተለክቶ ሲሠፍር፣ በ20ኛው ፎቅ የሚኖር ሰው ወላጁ ቢሞትበት ለቀስተኛውን የት እንደሚያስቀምጥ፣ አስከሬኑም በየትኛው ሊፍት በክብር እንደሚወርድ ብዙ ጊዜ ያልታሰበበት ነገር ነው። ሀብት ሞትን አያስቀርምና በዚህ የሚቸገረው ባለገንዘቡም ጭምር ነው።

ጉዳዩ ከአንድ ሕንፃ አልፎ መላውን መሀል ከተማ የሚመለከት ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ በመንገድ ዳር ልማት ምክንያት ሠፊ ነባር ሠፈር ፈርሷል፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። በዚያው በ2017 ዓ.ም. የውጭ አገር ዜጎች በኢትዮጵያ ቤት እንዲኖራቸው የሚፈቅድ ሕግ መውጣቱም የአፓርታማውን ገበያ የሚያሰፋ ነው። ለ130 ዓመታት ያህል በጌታና በሎሌ፣ በባለርስትና በተከራይ፣ በሹምና በቀበሌ ነዋሪ መካከል ሳይቋረጥ የኖረው የአንድ ሠፈር ጉርብትና ወራሪው በፕላን ሊያጠፋው ሞክሮ ያልተሳካለት ነገር ነው። ያንኑ ጉርብትና ዛሬ ማንም ሳያዝዝ የመሬት ዋጋ ብቻውን ሊፈጽመው ይችላል።

መድኃኒቱ ከባለሙያው እጅ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። የሕንፃው ምድር ቤት በአጥር ከመዘጋት ይልቅ ለሱቅ፣ ለቡና ቤትና ለመንገደኛ ክፍት ሊሆን ይችላል። ለነባሩ ነዋሪ የሚሠራው ቤት ከሩቅ ማእዘን ተለይቶ ከመቆም ይልቅ በዚያው ጎዳና ላይ በር ሊኖረው ይችላል። በሕንፃዎቹ መካከል ለለቅሶና ለሠርግ ድንኳን የሚበቃ፣ የሁለቱም ወገን የሆነ ሜዳ ሊተው ይችላል። ከሊፍቶቹ አንዱ አልጋና ቃሬዛ የሚያስገባ ስፋት ሊሰጠው ይችላል። ይህ ሁሉ የሚወሰነው መሠረቱ ከመቆፈሩ በፊት፣ ንድፉ ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል የተነገረው ጎረቤት ጎን ለጎን በሚኖርበት ዘመን ነው። አሁን ጎረቤት ከላይና ከታች ሆኗል፤ ከመስኮት ቁልቁል የሚታየው የቆርቆሮ ጣራም ጎረቤት ነው። በ1909 ዓ.ም. ለገሃር ለአዲስ አበባ ደጃፍ ሆኖ ተከፈተ፤ ባለገንዘቡም ባለ ባዶ እጁም፣ እንግዳውም ባላገሩም በዚያው በር ገቡ። በዚያው ቦታ ላይ የሚቆሙት ፎቆች ስማቸውን ከጣቢያው እንደ ወረሱ ሁሉ የደጃፍነቱንም ጠባይ ከወረሱ፣ ለገሃር የሚለው ስም ትርጉሙን ጠብቆ ይኖራል።